ከፎቶው የተቆረጠው ጎን

ጃፓኖቹ በካሜራ ገበያ ቢፎካከሩ ማንም አይከለክላቸውም፤ እንጀራቸው ነው። እኔን የሚያናድደኝ ፉክክሩ እኛ ከተማ ንፋስ መውጫ ድረስ መጥቶ አብረው ያደጉ ሁለት ጓደኛሞችን ማኳረፉ ነው። ደሴና ይሁኔ ሙያውን የተማሩት በአንድ አሮጌ ካኖን እየተፈራረቁ ነበር። በኋላ ደሴ ሶኒ ገዛ። ገዝቶ ዝም ቢል ጥሩ፤ እሱ ግን ሰባኪ ሆኖ ቁጭ አለ። ይሁኔ ደግሞ "መስታወት የሌለው ካሜራ የልጅ መጫወቻ ነው" ብሎ ካኖኑን ይዞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ስቱዲዮዎች በመናኸሪያው መንገድ ግራና ቀኝ እንደተፋጠጡ ናቸው። ሌንስ መዋዋስ ቀረ፤ ቢዋዋሱም አይገጥምም።

ሠርገኛው ሳይቀር ጎራ ለየ። "እኛን የሚያነሳን ሶኒ ነው" የሚል ሙሽራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ሶኒ የአጎቱ ልጅ ይመስል።

ነገሩ ላልገባው ሰው ላስረዳ። የይሁኔ ካሜራ ውስጡ መስታወት አለው፤ ሲያነሳ መስታወቱ ብድግ ብሎ ይመለስና ቀጭ! ይላል። እኛ አገር ፎቶ ማለት ይህ ድምፅ ነው። ሽማግሌዎች ትንፋሻቸውን ውጠው ይቆማሉ፣ ቀጭ ሲል ይተነፍሳሉ። የደሴ ካሜራ መስታወት የለውም፤ ድምፁን ከዘጉት ጭራሽ ዝም ነው። አሮጊቶች "ኧረ አላነሳኸንም ልጀ" እያሉ ስለሚያስቸግሩት ለሠርግ ድምፁን ይከፍትላቸዋል።

የደቡብ ጎንደር ፎቶ አንሺዎች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። ሌላው ዓለም ስለ ብዙ ነገር ሲጨነቅ እነሱ የሚጨነቁት ስለ ኖይዝ ነው፤ በጨለማ የተነሳ ፎቶ ላይ እንደ ጤፍ የሚበተነውን ነጠብጣብ እንዲህ ይሉታል። አንድ ቀን ደሴ ስለ ካሜራው ሲያወራ ይሁኔ ታከተውና የራሱን ድምፅ ቀርጾ ላከ። "ወሬ አታብዛብን። መስኮት የሌለው ቤት ግባ። ፍላሽ የለ፣ መብራት የለ። የሰው ፊት አንሳና አምጣ፣ ጨለማውን አጉልተን እናየዋለን። ኖይዝ ካጣሁበት ካኖኔን ሸጬ ባጃጅ እነዳለሁ።" ግሩፑ በሳቅ ተሞላ። ደሴ አልሳቀም። እንዲህ ያለ ቤት የት እንደሚያገኝ ያስብ ጀመር።

ያገኘው አክስቱ ቤት ነው።

ውባንቺ የእናቱ ታናሽ እህት ናቸው፤ የሚኖሩት ከወገዳ ከተማ ወረድ ብሎ ባለ መንደር ነው። ካቻምና ልጃቸው ይታያል በመስኖ ውኃ ተራ ከጎረቤት ልጅ ጋር ተጣላና ሞተ። የገደለው ጥጋቡ ይባላል። ተፈርዶበት ደብረ ታቦር ታስሯል። ሕግ የሱን ድርሻ ቢጨርስም የመንደሩ ድርሻ ግን አላለቀም ነበር፤ ሁለቱ ወገኖች በአንድ መንገድ አይሄዱም፣ በአንድ ምንጭ አይቀዱም፣ ወንዶቹ ማሳ ሲወርዱ እንኳ ጠመንጃ አይለያቸውም። የውባንቺ ፍራቻ አንድ ነበር፤ ይታያልን ተከትሎ ሌላ ልጅ እንዳይቀበር።

የአጥቢያው ቄስ አባ ወልደ ሩፋኤል ሽማግሌ ሰብስበው ክረምትና በጋ ሲመላለሱ ከርመው በመጨረሻ እርቁ ሆነ። በአገሩ ወግ ገዳዩ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ የሟች ቤት ይገባል። ጥጋቡ እስር ላይ ስለሆነ ድንጋዩን አባቱ መንግስቴ ሊሸከሙለት ተስማሙ።

ደሴ ያን ቀን ወገዳ ሠርግ አንስቶ ነበር። ከነካሜራው በቀጥታ መጣ። ደጃፉ ላይ አንድ ሽማግሌ ቁና ይዘው የሁሉንም ስልክ ይሰበስባሉ። አባ መስቀላቸውን አውጥተው ቆሙ።

"ዛሬ እዚህ የሚሆነው እዚሁ ይቀራል። ይኸን አውጥቶ የሰደበበት፣ የተዘባበተበት፣ መሳቂያ ያደረገው፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል የተገዘተ ይሁን።"

"ይሁን!" አለ ሰው ሁሉ። ደሴም ብሏል።

ባለ ቁናው ሽማግሌ ስልኩን ከተቀበሉት በኋላ ካሜራውን አዩት። "ይኸስ? ቁናውም አይችለው!" አሉ። ሌላው ቀበል አድርገው "ተወው፤ እሱ ቀጭ ካለ እኛስ ጆሮ የለነም?" ሲሉ ሁሉም ሳቁ። ደሴም አብሮ ሳቀ። ካሜራውን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ጋቢውን ደረበበትና ገብቶ ከጨለማው ጥግ ተቀመጠ።

በዚያ ሰዓት ሊያነሳ አስቦ ነበር? እሱ አላሰብኩም ይላል። እኔ ግን ድምፁን የዘጋው መቼ ነው እላለሁ።

ቤቱ መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው፤ ያረፈውም በበሩ አጠገብ መደብ ላይ በተቀመጡት በውባንቺ ላይ ነበር። መንግስቴ ገቡ። ወገባቸው ታጥፏል፣ ድንጋዩ ጫንቃቸው ላይ ነው፣ ጀርባቸው ወደ በሩ ስለሆነ ፊታቸው ጥቁር ጥላ ውስጥ ነው። "ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉኝ! ስለ ድንግል ማርያም ይቅር በሉኝ!" ይላሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። አባ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ብለው ሲጀምሩ ሰው ሁሉ፣ አባም ጭምር፣ ራሱን ወደ መሬት ደፋ።

ደሴም ራሱን ደፋ። ጣቱ ግን በጋቢው ስር አልተደፋችም። የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አድርጎ ሌንሱን አሾልኮ ሳያይ ተጫነ። ምንም አልተሰማም። እግዚኦታው አልቆ ሰው ቀና ሲል ድንጋዩ መሬት ወርዷል፣ መንግስቴ ከሟች ወገኖች ጋር ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፣ ቤቱ በለቅሶ ተናውጧል። ደሴም የእውነት አለቀሰ። ከዚያ ሁለቱ ወገን ከአንድ ገበታ በላ።

በማግስቱ ስቱዲዮውን ከፍቶ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ሲጭን አንዷ ወጥታለታለች። እንዴት ያለች ፎቶ! በቀኝ በኩል አክስቱ አሉ፤ የበሩ ብርሃን ፊታቸውን አብርቶታል፤ ሰው ሁሉ ራሱን በደፋበት ሰዓት እሳቸው ብቻቸውን ከመደቡ ተነስተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን ከድንጋዩ ስር ሰደው ያነሱታል። በግራ በኩል በጨለማው ውስጥ የመንግስቴ ፊት አለ።

ደሴ አክስቱን አያቸው። ማየቱንማ አይቷል። ዓይኑ ግን ወዲያው ወደ ግራ፣ ወደ ጨለማው ሄደ። አጎላው። የሽማግሌው ሽበት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ኖይዝ የሚባል የለም። ብርሃን ያለበትን ጎን ቆርጦ ጣለ። የቀረው ከድንጋይ ስር የተጨነቀ የአንድ ሽማግሌ ፊት ብቻ ነበር። ግሩፑ ውስጥ ለጠፈና ስሩ ጻፈበት፦ "ያለ ፍላሽ፣ ያለ መብራት፣ ያለ ድምፅ። ይሁኔ፣ ባጃጅህን ፈልግ።"

ግሩፑ ቀውጢ ሆነ። "ጥላው ውስጥ ትንሽ አለች" ይላል አንዱ። "ቴሌግራም ጨፍልቆት ነው እንጂ የለችም" ይላል ሌላው። "ጺሙን አጉሉት፣ ጺሙ ላይ ነው የሚታወቀው።" "ቀለሙ ግን ካኖን ላይ አይደርስም።" ቀኑን ሙሉ ስለ መንግስቴ ጺም ሲከራከሩ ዋሉ። ያ ሁሉ ዓይን አዋቂ ተሰብስቦ ሰውየው ድንጋይ ለምን ተሸከሙ ብሎ የጠየቀ የለም።

የጠየቀው ይሁኔ ነው። እሱም በግሩፑ አልጻፈም፤ ከተኳረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱን ተሻግሮ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

"ማናቸው ሰውየው?"

"ምን አስጨነቀህ? ኖይዝ አለው የለውም?"

"የለውም። በልተኸኛል፣ አለቀ። ይኸ የእርቅ ድንጋይ አይደለም እንዴ? ማናቸው?"

ደሴ ነገረው። ሲናገር ነው እሱም ራሱን የሰማው። ያን ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ከግሩፑ አጠፋ። ይሁኔ "አጥፋው፣ አጥፋው" ይላል አጠገቡ ቆሞ። ግን ያ ሁሉ ሰው ሲያጎላው ውሏል፤ ያወረደው አውርዷል።

ፎቶዋ ቲክቶክ ላይ ስትወጣ ፉከራ ተቀላቅሎባት፣ "ደመኛውን ያንበረከከ ቤት" የሚል ተጽፎባት ነበር። ማን እንደሠራው አይታወቅም። ከወገዳ እስከ ንፋስ መውጫ ስልክ ያለው ሁሉ አያት። የመንግስቴ ወገኖች እርቁ ፈረሰ አሉ፤ "ውባንቺ በጓዳ ሰው ደብቃ አስነስታ አሳቀችብን፣ መሐላዋን በላች" ብለው ጠመንጃቸውን እንደገና አነገቱ። በምን እንደደረሰው እንጃ፣ ነገሩ ለጥጋቡም ደረሰው። "አባቴን ያዋረደውን ቤት ስወጣ አገኘዋለሁ" ብሎ ላከ።

ደሴ ምግብ እምቢ አለው። ሰው ስልክ አውጥቶ ሲስቅ ባየ ቁጥር በዚያች ፎቶ የሚስቅ ይመስለዋል። እሑድ ለቅዳሴ ሄዶ ከደጀ ሰላሙ ማለፍ አቃተው፤ ግዝቱ ትዝ አለውና ከውጭ ግንቡን ተሳልሞ ተመለሰ። ራሱን ተጸየፈ። ያም ሆኖ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ከዚያ አክስቱ ደወሉለት።

"ደስዬ፣ እንደምን ሰነበትክ ልጀ?"

"ደኅና ነኝ አክስቴ። አንቱስ?"

"ኧረ እኔስ ደኅና አይደለሁም። ሰው ደብቀሽ አስነሳሽ ይሉኛል። እኔ የይታያልን ነፍስ ይዤ እንዲህ አደርጋለሁ? ማይ ቢሉኝ ማልሁ፤ አላመኑኝም። ቅዳሜ ሽማግሌ ይቀመጣል። አንተ የፎቶ ነገር ታውቃለህ። እስቲ መጥተህ ይኸ ነገር ከኔ ቤት እንዳልወጣ ንገርልኝ። አንተን ያምኑሃል። ሌላ ማን አለኝ ልጀ?"

"እሺ አክስቴ" አለ። ስልኩ እንደተዘጋ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ይሁኔ ሄደ።

ይሁኔ ይህን ሲሰማ መላ ፈለገለት። "ከፈለግህ አብሬህ እሄድና በስልክ የተነሳ ነው ብዬ እመሰክርልሃለሁ" አለው። "እኔ ካልኩ ማን ያውቃል?"

የቀድሞ ጓደኛው ለሱ ብሎ ሽማግሌ ፊት ሊዋሽ መቁረጡ ደሴን ይበልጥ አቃጠለው። በስልክ ነው ከተባለ ደግሞ ነገሩ ዞሮ ስልክ ደብቆ አስገባ በሚባል የአክስቱ ወገን ላይ ይወድቃል። "አይሆንም" አለ። "ብቻ አብረኸኝ ና።"

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ጽዱ ስር ተቀምጠዋል። የሁለቱ ወገን ሰዎች ራቅ ራቅ ብለው፣ ጠመንጃቸውን ከጉልበታቸው አጋድመው ነበር። ውባንቺ ደሴን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። "ይኸው የእህቴ ልጅ፤ እሱ ይንገራችሁ" አሉ።

አባ ወልደ ሩፋኤል ወደሱ ዞሩ። "በል ልጀ፣ አንተ ባለሙያ ነህ። ይኸ ፎቶ በምን ተነሳ? ማንስ አነሳው?"

ደሴ ተነሳ። ይሁኔ ከኋላው ሆኖ ጫማውን ያያል።

"በካሜራ ነው አባቴ" አለ። "በኔ ካሜራ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። አክስቴ አያውቁም፣ ማንም አያውቅም። ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ አልሰማችሁኝም።"

"አንተ?" አሉ ውባንቺ። ጮኸው አልነበረም። "በኔ ቤት? ይሁን ብለህ?"

"አዎ አክስቴ።"

"ለምን?" አሉ አባ።

"ከይሁኔ ጋር ተወዳድረን... የማን ካሜራ በጨለማ ይሻላል ብለን..." አለና ቃሉ እዚያው ተቆረጠ። እዚያ ጽድ ስር፣ ጠመንጃ በያዙ ሰዎች መሐል፣ ስለ ካኖንና ስለ ሶኒ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያሳፍር ያየው ያውቀዋል፤ እኔ ይሁኔ ሲነግረኝ እንኳ አፍሬለታለሁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመንግስቴ ወገን አንዱ ጎረምሳ ተነሳ፤ መንግስቴ በእጃቸው አስቀመጡት።

"እኔ ያችን ፎቶ አላየኋትም" አሉ መንግስቴ። "ሰው ሁሉ አይቶኛል፤ እኔ ግን ራሴን አላየሁም። አሳየኝ እስቲ።"

ደሴ ካሜራውን አውጥቶ ፎቶዋን ከፈተ፤ ያልተቆረጠችውን፣ ሙሉዋን። መንግስቴ ካሜራውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ በነጠላቸው ከፀሐይ ጋርደው አዩ። ብዙ ጊዜ አዩ። ከዚያ ጣታቸውን ብርሃኑ ያለበት ጎን ላይ አሳረፉ።

"ይች እጅ የማን ናት?"

"የአክስቴ ናት።"

"እኔ ድንጋዩ ሲቀለኝ አባ ያነሱልኝ መስሎኝ ነበር" አሉ መንግስቴ።

"እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ መስሎኝ" አሉ አባ ወልደ ሩፋኤል። ሁሉም ወደ ውባንቺ ዞረ። ውባንቺ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

"ከበደው" አሉ ብቻ። "ሲንቀጠቀጥ አየሁት።"

መንግስቴ ካሜራውን ለወገኖቻቸው ሰጡ፤ ከእጅ እጅ እየተላለፈ ዞረ። ያ ጎረምሳ አየና ለቀጣዩ አቀበለ። ካሜራው ተመልሶ ሲመጣ መንግስቴ ደሴን ቀና ብለው አዩት።

"ሰው ያየው ግን ይኸን አይደለም አሉኝ። እሷ የለችበትም አሉኝ።"

"የሉም። ቆርጬ ነው ያወጣሁት።"

"ለምን እሷን ቆረጥካት?"

ደሴ ዋሽቶ ማለፍ ይችል ነበር፤ አልፈለገም። "እሳቸው ያሉበት ጎን ብርሃን ነበረው" አለ። "ውድድሩ በጨለማ ነበር።"

መንግስቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከተናደዱበት ይልቅ ያዘኑለት ይመስሉ ነበር፣ ይህ ደግሞ ባሰበት። ተነስተው ወደ ወገኖቻቸው ዞሩ። "መሐላው አልፈረሰም። ይች ሴት አልበደለችንም። ጠመንጃውን ወደ ቤት" አሉ። ከዚያም ወደ ደሴ፦ "ለጥጋቡ ግን ይኸን ሙሉውን አንተው ታደርሳለህ። እኔ ብነግረው አያምነኝም።"

አባ ንስሐውን ነገሩት፤ ከባድ ነበር፤ ደሴ ቀለለኝ ብሎ አዘነ። ሰው ሲበተን አክስቱ እግር ላይ ወደቀ። ውባንቺ እግራቸውን ሰበሰቡ።

"ልጄን ለገደለው ይቅር ብያለሁ" አሉት። "ላንተ ግን ገና ነኝ። ጊዜ ስጠኝ።"

ፎቶውን ያተመለት ይሁኔ ነው፤ የሱ ማተሚያ ይሻላል። ስለ ቀለሙም ሆነ ስለ ጥራቱ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ፣ ዳርና ዳሩን ሳይነኩ አተሙት። ከዚያ ደሴ ከመንግስቴ ጋር በሚኒባስ ደብረ ታቦር ወረደ። መንገዱን ሁሉ ሽማግሌው ስለ ገብሱና ስለ ዝናቡ አወሩት፤ እሱ "አዎ" እና "አይ" ከማለት በቀር አልቻለም።

ጥጋቡ በእስር ቤቱ አጥር ወዲያ በኩል መጥቶ ቆመ። ከስቷል። የደሴን ማንነት ሲነግሩት ፊቱን አዞረ።

"ያን ያወጣሁት እኔ ነኝ" አለው ደሴ። "እነሱ ምንም አላደረጉም። ሙሉው ይኸ ነው።"

ጥጋቡ እጁን አልዘረጋም። አባቱ "እይ" ሲሉት ተቀበለ። መጀመሪያ አባቱን አየ፤ መንጋጋው ጠበቀ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ቀኝ ሄዶ እዚያው ቀረ።

"እማማ ውባንቺ ናቸው?"

"ናት" አሉ መንግስቴ።

"ድንጋዩን የያዙት እሳቸው ናቸው?"

"እሷ ናት።"

ጥጋቡ ፎቶውን ወደ ዓይኑ አስጠጋው። "እንዲህ አርጅተዋል እንዴ? እኔ ሳውቃቸው እኮ ጠጉራቸው ጥቁር ነበር።"

መንግስቴ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

"ካቻምና ነው ያረጀችው" አሉት።

ጥጋቡ ፎቶውን በሁለት እጁ እንደያዘ አቀረቀረ። ጠባቂው ሰዓት ደረሰ እስኪል ድረስ ቀና አላለም። ደሴም ቀና አላለም።